አረንጓዴ ያደላው ሰም፦ ኒኬልን በጠጣር ላይ ስለ ማሰር

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቀው ቤተ ሙከራችን ውስጥ፣ የማስተርስ ተማሪዬ አምስት ትንንሽ ቢከሮችን ደርድራ ጠበቀችኝ። በየቢከሩ ያለው ከጉሎ ዘይት ሃይድሮጂን በመጨመር የተሠራ ጠንካራ ሰም ሲሆን፣ አምስቱም የተሠሩት እየታጠበና እየተጣራ በተመላለሰ አንድ የኒኬል ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ነበር። «መምህር፣ አምስተኛውም ዙር እንደ መጀመሪያው ሠርቷል» አለችኝና ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። በእያንዳንዱ ዙር ከአራት ሰዓት በኋላ የዘይቱ የአዮዲን ቁጥር (ዘይቱ ገና ምን ያህል ሃይድሮጂን ሊቀበል እንደሚችል የሚያሳየው ልኬት) ከ85 ገደማ ተነሥቶ ከ5 በታች ወርዷል። ደስታዋ ተገቢ ነበር፤ የእኔ ዓይን ግን ቢከሮቹ ላይ ቀረ። ንጹሕ የጉሎ ሰም ነጭ ነው፤ የእኛው ግን በመጀመሪያው ቢከር ጎልቶ፣ በኋለኞቹ ደግሞ እየደበዘዘ፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር።

ያ አረንጓዴነት የኒኬል ሳሙና ነው። በጉሎ ዘይት ውስጥ ጥቂት ነጻ የቅባት አሲድ አይጠፋም፤ አሲዱም ዘይቱ በጋለ ጊዜ ኒኬሉን ከተቀመጠበት ላይ እየሸረሸረ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል፤ የሚፈጠረው ውህድ በዘይቱ ውስጥ ስለሚሟሟ ከማጥሊያ ወረቀቱ ጋር ሳይቀር አልፎ ይሄዳል። ደብተሩ «ሠርቷል» እያለ ሰሙ «ኒኬሉ እየሄደ ነው» ይል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለፉት ወራት ሥራችን በሙሉ ይህን ሁለት ዓይነት ምስክርነት የማስታረቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው ጀምሬ ልጻፈው።

ጉሎ በአቃቂ ወንዝ ዳርና በየመንገዱ ጠርዝ ሳይተከል የሚበቅል ተክል መሆኑን የአካባቢያችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዘይቱ የቅባት አሲድ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ይህም በሰንሰለቱ መካከል አንድ ድርብ ትስስርና አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን (ኦክስጅንና ሃይድሮጂን የተያያዙበት) አለው። ድርቡን ትስስር በሃይድሮጂን ስናጠግበው ፈሳሹ ዘይት 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የሚቀልጥ ጠንካራ ሰም ይሆናል፤ ሰሙ ለቅባት፣ ለግሪስና ለውበት መጠበቂያ ምርቶች ይፈለጋል። ለምግብ የሚሆን ዘይት ላይ ለመሥራት አልፈለግሁም። የምግብ ዘይት በከፊል ሃይድሮጂን ሲገባበት ልብን የሚጎዳው ትራንስ ቅባት ይፈጠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዱስትሪ የሚመረተው ትራንስ ቅባት ከዓለም የምግብ አቅርቦት እንዲወገድ ጥሪ አድርጓል።

ሃይድሮጂንና ዘይት ብቻቸውን ቢቀመጡ ምንም አይፈጠርም። የሃይድሮጂን ሞለኪውል ሁለት አቶሞች እጅግ ጠብቀው የተያያዙበት ነው፤ እነዚህን የሚያላቅቃቸው የኒኬሉ፣ የፓላዲየሙ ወይም የፕላቲነሙ ገጽ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ እ.ኤ.አ. በ1897 ኤቲሊንንና ሃይድሮጂንን በጋለ ኒኬል ላይ አሳልፎ ኤቴን ማግኘቱ የዚህ ሁሉ መነሻ ሆነ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ደግሞ ዘዴውን ወደ ፈሳሽ ዘይት አምጥቶ በ1902 የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

እዚህ ላይ ገጽ የሚለው ቃል ዋናው ነው። ዘይቱም ሃይድሮጂኑም የሚያገኙት ውጭ ያለውን አቶም ብቻ ስለሆነ፣ በእንክብሉ ሆድ ውስጥ የተቀበረው ኒኬል ገንዘብ ወጥቶበት ያለ ሥራ የሚቀመጥ ነው። ስፋቱ 5 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በሆነ እንክብል ውስጥ ገጽ ላይ የሚገኘው ከአቶሞቹ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 1 ናኖሜትር ሲያንስ አብዛኛው ገጽ ይሆናል። ይሁንና እንዲህ ያነሱ እንክብሎች ብቻቸውን ከተተዉ በሙቀት እርስ በርስ ተጣብቀው ያድጋሉ። ስለዚህ እንደ አሉሚና፣ ሲሊካ ወይም ካርቦን ያለ ብዙ ቀዳዳ ያለው ጠጣር ላይ ተራርቀው እንዲቀመጡ ይደረጋል፤ ይህን ጠጣር ደጋፊ እለዋለሁ። በእኛ በከተማው ዳርቻ ሰው መሬትን በካሬ ሲነጋገር ይውላል፤ 140 ካሬ ያለው ሰው ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። አንድ ግራም ጥሩ አክቲቭ ካርቦን ግን በውስጡ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው፤ ጋማ አሉሚና የሚባለውም በግራም ከ150 እስከ 300 ካሬ ሜትር ይደርሳል።

ታዲያ ለምን ካርቦንን አልመረጥንም? የቡና ገለባ በየመፈልፈያው ተከምሮ ስለሚገኝ፣ ከእርሱ የሚሠራ ካርቦን ላይ ሜታል ማስቀመጥ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ የተወደደ የጥናት ርዕስ ነው፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ችግሩ አብዛኛው የካርቦን ገጽ ከ2 ናኖሜትር በሚያንሱ ቀዳዳዎች ውስጥ መሆኑ ላይ ነው። ሦስት ረጃጅም ሰንሰለት ያለው የዘይት ሞለኪውል ራሱ ወደ 2 ናኖሜትር የሚጠጋ በመሆኑ ወደዚያ አይገባም፤ በዚያ ውስጥ የተቀመጠ ኒኬል በር እንደተዘጋበት ቤት ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለው የካሬ ብዛት የሚያስጎመጅ ቢሆንም ለዘይት የሚጠቅመው ሰፊ በር ያለው ገጽ ነው። በዚህ የተነሣ ወደ ዳያቶማይት ዞርን። ዳያቶማይት በጥንት ሐይቆች ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ጥቃቅን አልጌዎች የሲሊካ ቅርፊት የተከማቸበት ነጭና ቀላል አፈር ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አካባቢ በአዳሚ ቱሉ በኩል ይገኛል። ገጹ ከአሉሚና በእጅጉ ቢያንስም ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ የአውሮፓ የቅባት ፋብሪካዎችም ኒኬላቸውን ለረጅም ዘመን ያስቀመጡት ኪዘልጉር ብለው በሚጠሩት በዚሁ አፈር ላይ ነው።

አሁን ወደ አረንጓዴው ሰም ልመለስ። ያ ካታሊስት የተሠራው በጣም በተለመደው ዘዴ ነበር። ለ10 ግራም ዳያቶማይት፣ በመጨረሻ 10 በመቶ ኒኬል እንዲኖረው፣ 5.5 ግራም ገደማ ኒኬል ናይትሬት በውሃ ይሟሟል፤ የውሃው መጠን ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ መምጠጥ ከሚችለው እንዳይበልጥ ተደርጎ በጠብታ እየተጨመረ ይታሻል። እናቴ ለጠላ እንኩሮ ስታዘጋጅ ዱቄቱን በውሃ እየረጨች የምታሸው እንዲሁ ነበር፦ ሊጥ እስኪሆን አትጨምርም፣ ደረቅም አትተወውም፤ ከዚያ በምጣድ ላይ ታምሰዋለች። እኛም ዱቄቱ ማብረቅረቅ ሲጀምር እናቆማለን፣ በ110 ዲግሪ እናደርቃለን፣ በፈርነስ (በኤሌክትሪክ ምድጃ) በ400 ዲግሪ እንጠብሰዋለን፤ በዚህ ጊዜ ናይትሬቱ ፈርሶ የኒኬል ኦክሳይድ ይቀራል። በመጨረሻም በሃይድሮጂን ውስጥ ሲጋል ኦክሳይዱ ወደ ኒኬል ይለወጣል።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ድክመቱም ከቀላልነቱ ይመጣል። የኒኬሉ ጨው በቀዳዳው ውስጥ ያለው በውሃው ተይዞ እንጂ በገጹ ተይዞ አይደለም። ውሃው ሲተን ጨው ከውሃው ጋር እየተሳበ ወደ ቀዳዳው አፍ ይሰበሰባል፤ እንክብሎቹም እኩል ያልሆኑና ከደጋፊው ጋር በደካማ የተነካኩ ይሆናሉ። የሲሊካ ገጽ የኤሌክትሪክ ሙሉ ለሙሉ ገለልተኝነት የሚኖረው ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም ቤዝነት መለኪያ) 2 አካባቢ ሲሆን፣ ፒኤቹ ከዚያ እየጨመረ ሲሄድ ገጹ አሉታዊ ይሆናል፤ አሉሚና ግን እስከ 8 ገደማ ድረስ አዎንታዊ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ጨውን ከገጹ ተቃራኒ በሆነ ምልክት ለማቅረብ ነው። አሉታዊው የፓላዲየም ክሎራይድ ውህድ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አሉሚና ላይ ሲጣበቅ በሲሊካ ላይ ግን አይቆይም፤ ሲሊካ ከተፈለገ ፓላዲየሙን ከአሞኒያ ጋር አጣምሮ አዎንታዊ ማድረግና ውሃውን ወደ ቤዝ ማድረስ ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ከብዙ ዓመት በፊት፣ በመስከረም ታዝዞ በግንቦት የደረሰ አንድ ግራም የፓላዲየም ጨው ከፊሉን በተሳሳተው ደጋፊ ላይ ካፈሰስሁ በኋላ ነው። ማጠቢያው ውሃ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም፤ እስከ ዛሬም ለተማሪዎቼ ማንኛውንም ጨው ከማሟሟታቸው በፊት የገጹን ምልክት እንዲነግሩኝ የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ተማሪዬን በመጀመሪያ የጠየቅኋት ግን ስለ ዝግጅቱ ሳይሆን ስለ ልኬቱ ነበር። አምስቱ ዙሮች እኩል የመሰሉት ሁሉም እስኪያልቁ ስለተጠበቁ ነው። አሥር ሠራተኛ በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን እርሻ አምስት ሠራተኛ በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ መጥቶ ላየው ሰው አምስቱ ሠራተኞች መቅረታቸው አይታወቅም። የካታሊስት ድካም የሚታየው ሥራው ሩብ ወይም ሲሶ በደረሰበት ጊዜ፣ ፍጥነቱ ሲለካ ነው። ብዙ የታተሙ ጽሑፎች «ካታሊስታችን ስድስት ጊዜ ያለ ለውጥ አገልግሏል» ሲሉ የሚያሳዩት በእያንዳንዱ ዙር 99 በመቶ የደረሱ ዓምዶችን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥዕል ለማስረጃነት አልቀበለውም፣ ተማሪዎቼም እንዳይቀበሉት አጥብቄ እጠይቃለሁ። አምስቱን ዙሮች ደግማ በ20ኛው ደቂቃ ናሙና እየወሰደች ስትለካ፣ አምስተኛው ዙር የመጀመሪያውን ፍጥነት ሲሶ እንኳ አልደረሰም። አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ቁጥሮቹን ጻፈች፣ ከዚያ «ሁለተኛ ምን እናድርግ?» አለች። በዚያ ጥያቄዋ ኮራሁባት።

ኒኬሉ ወደ ዘይቱ መፍሰሱንም ለብቻው ማረጋገጥ ነበረብን። ለዚህ የሚታወቀው ዘዴ ምላሹን በመካከሉ አቁሞ ፈሳሹን በጋለበት ማጣራትና፣ ጠጣር የሌለበትን ፈሳሽ ብቻ በሃይድሮጂን ማስቀጠል ነው፤ ያለ ጠጣሩም ከቀጠለ የሚሠራው የሟሟው ሜታል ነው ማለት ነው። ማጣራቱ በትኩሱ መሆን ያለበት፣ በተለይ ፓላዲየም ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ደጋፊው ላይ ሊቀመጥና ማስረጃውን ሊያጠፋ ስለሚችል ነው። ኒኬልን በሚመለከት ግን የሟሟው ሳሙና ራሱ እምብዛም ስለማይሠራ፣ ይህ ሙከራ ብቻውን ንጹሕ ያስመስለዋል፤ ሜታሉን መፈለግ ይገባል። ውድ መሣሪያ ስላልነበረን ሰሙን አቃጥለን አመዱን በአሲድ አሟሙተን፣ በአሞኒያ አለስልሰን ዳይሜቲልግላይኦክሲም ጨመርንበት። ኒኬል ካለ ደማቅ ሮዝ ቀይ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር ሰም አመድ እንደ በሶብላ አበባ ሳይሆን እንደ በሰለ ቀይ ሽንኩርት ቆዳ ቀላ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከዩሪያ ነው። ገበሬው ለጤፍና ለስንዴ የሚበትነው ዩሪያ በውሃ ውስጥ ሲሞቅ ቀስ እያለ ፈርሶ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ዳያቶማይቱ፣ የኒኬሉ ጨውና ዩሪያው በአንድ ውሃ ውስጥ ሆነው በ90 ዲግሪ ሲማሰሉ፣ የውሃው ፒኤች በየትኛውም ጥግ በእኩል ዝግታ ይጨምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ድንገት የሚዘንብ ዝቃጭ ስለማይኖር ኒኬሉ በገጹ ላይ ሁሉ እኩል ይቀመጣል። ከዚህም በላይ የሲሊካው ገጽ ራሱ በትንሹ እየሟሟ ከኒኬሉ ጋር ይዋሐድና የኒኬል ሲሊኬት ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ኒኬሉ በዚህ ጊዜ በደጋፊው ላይ የተቀመጠ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ይሆናል። ዋጋው ይህ ነው፦ አጥብቆ የተያዘን ነገር ወደ ኒኬልነት መመለስ አስቸጋሪ ነው፣ ከ500 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀትና ረዘም ያለ የሃይድሮጂን ፍሰት ይጠይቃል።

እኛ ባለንበት ከፍታ ይህ ዝግጅት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤተ ሙከራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የ90 ዲግሪው ዝግጅት ከመፍላት የሚለየው በሦስት ዲግሪ ብቻ ነው። ማሞቂያው ትንሽ ካለፈ ውሃው ይተንናል፣ መጠኑም ይዛባል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ማቀዝቀዣ በፍላስኩ አናት ላይ አድርገን ሌሊቱን ተራ ገብተን ጠበቅነው። ከፍታው በሃይድሮጂኑም ላይ ይታያል። በክፍት አየር ግፊት ስንሠራ ያለን ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሚሟሟው ሃይድሮጂንም በዚያው ልክ ያንሳል። 10 ግራም የጉሎ ዘይት ለማጥገብ በባሕር ጠለል ላይ በክፍል ሙቀት 0.8 ሊትር ሃይድሮጂን ሲበቃ፣ በእኛ ዘንድ ከ1 ሊትር በላይ ቱቦው ውስጥ ያልፋል። ሌላ ቦታ የታተመን ፍጥነት ከእኛ ጋር የሚያነጻጽር ተማሪ ይህን ካላስተካከለ ካታሊስቱን ያለ ጥፋቱ ይከስሰዋል።

መብራትም አንድ ታሪክ አለው። አንድ ሌሊት ኦክሳይዱን በሃይድሮጂን ለመመለስ በተዘጋጀንበት ዋዜማ፣ ፈርነሱ እየሞቀ ሳለ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ መቆጣጠሪያው ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ስለጀመረ ናሙናው ሁለት ጊዜ ተጠበሰ። ኒኬል የሚቀልጠው በ1,455 ዲግሪ ነው፤ በገጽ ላይ ያሉ እንክብሎች ግን በፍጹም ሙቀት (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ጀምሮ በሚቆጠረው) ከሚሰላው ግማሽ፣ ማለትም ከ590 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ፣ አቶሞቻቸው በደንብ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ እጅግ ጥቃቅኖቹ ደግሞ ከዚያ በታችም ይጣበቃሉ። በማሸት የተዘጋጀው ናሙና ከዚህ በኋላ ሥራውን አቆመ ማለት ይቻላል፤ ከአጠገቡ የነበረው በዩሪያ የተዘጋጀው ግን ብዙም አልተጎዳም። ሳንፈልገው የመጣ ሙከራ ቢሆንም፣ አያያዝ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከየትኛውም ካቀድነው ሙከራ በላይ አሳይቶናል።

አያያዝ የሚለው ቃል ለሟሟ ካታሊስቶች ሲሆን ሌላ መልክ አለው። ጄፍሪ ዊልኪንሰን በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው የሮዲየም ውህድ በአሟሚው ውስጥ ጠፍቶ የሚሠራ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ከምርቱ መለየቱ ግን ከባድ ነው፤ ሮዲየም ደግሞ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ኬሚስቶች ፎስፊን የሚባለውን ክንዱን በፕላስቲክ እንክብል ወይም በሲሊካ ላይ አስረው ሮዲየሙ እንዲይዘው አደረጉ። ይሁን እንጂ ይህ ውህድ ለመሥራት መጀመሪያ አንዱን ፎስፊን መልቀቅ አለበት። ሥራ የሚያስጀምረው መልቀቅና ሜታሉን የሚያስመልጠው መልቀቅ አንድ ናቸው፤ በአንድ ክንድ የታሰረ ሮዲየም ያንኑ ክንድ ከለቀቀ በፈሳሹ ይወሰዳል። ሁለትና ከዚያ በላይ ክንድ ያለው ማሰሪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ስለ አደጋው አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። በሃይድሮጂን የተመለሰ ጥቃቅን ኒኬል አየር ሲያገኝ ራሱን ያቀጣጥላል፤ በአልኮል የረጠበ ፓላዲየም በካርቦን ላይ ማጥሊያው ላይ እንዲደርቅ ከተተወም እንዲሁ። የኒኬል ጨው ብናኝ ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ በናይትሮጅን ሥር እንሠራለን፣ ጓንትና ጭንብል እናደርጋለን፤ አረንጓዴውን እጣቢ ደግሞ በጠርሙስ እናከማቻለን እንጂ ወደ ቧንቧ አናፈስም፤ አቃቂ ወንዝ የተሸከመው ይበቃዋል።

በዩሪያ የተዘጋጀው ካታሊስት ከሰኔ ጀምሮ አምስት ዙር ሠርቷል። ሙቀቱን ከ150 ዲግሪ አላሳለፍንም፣ ከዚያ በላይ ሃይድሮክሲሉ እየወጣ ሰሙ ስለሚለሰልስ፤ ዘይቱንም አስቀድመን በቀጭን ሶዳ አጥበን ነጻ አሲዱን ቀነስንለት፤ ይህ መጀመሪያውኑ መደረግ የነበረበት ነው። በ20ኛው ደቂቃ የሚለካው ፍጥነት ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ዙር ትንሽ ወረደ፣ ከዚያ መውረዱ ቆመ። በአመዱ ሙከራ የመጀመሪያው ዙር ሰም ስስ ሮዝ ሲያሳይ ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው ጥርት ያለ ውሃ መስሎ ቀረ።

ከዙር እስከ ዙር ካታሊስቱን የምናስቀምጠው የቅባት ፋብሪካዎች እንደሚያደርጉት በረጋ ቅባት ውስጥ ቀብረን ነው፤ አየር እንዳያገኘው። መጀመሪያ ላይ ሌላ ቅባት ገዝተን ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ተማሪዬ ያንን ትታ ከአምስተኛው ቢከር ቆርሳ አቀለጠች፣ ጥቁሩን ዱቄት በዚያ ውስጥ አስገብታ አስረጋችው፣ በክዳኑ ላይም «ዙር 6» ብላ ጻፈችበት። ሰሙ ነጭ ነው።